ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ የሚሆን የጎማ መንፊያ ፓምፕ አመራረጥ

የጎማ መንፊያ ፓምፕ ልትገዙ መለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፦ 150 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)። አንዳንዱ 300 ይላል። ባለሱቁም ጣቱን እዚያው ቁጥር ላይ ያሳርፍና «አብሽር፣ ይሄ የሲኖ ጎማ ሳይቀር ይነፋል» ይላችኋል። የቤት መኪና ጎማ ግን ባብዛኛው የሚፈልገው ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ ነው። 150 መድረስ መቻልና 32ን ቶሎ መሙላት መቻል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደሴ ላይ ደግሞ ልዩነታቸው ከሌላው ቦታ ይብሳል።

ይህን የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ለሚመላለስ፣ ወደ ኩታበር ወይም ወደ ወረኢሉ ለሚወጣ፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ለሚወርድ ሰው ነው። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ የፒኤስአዩን ቁጥር እርሱት። በምትኩ ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር ንፋስ እንደሚሰጥና ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ጠይቁ። ከዚያ ሁለቱንም በደጋ አየር ልክ ቀንሱ። እንዴት እንደሚቀነስ ከታች አለ።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ጎማ እወቁ

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሹፌሩን በር ክፈቱና የበሩን ምሰሶ ተመልከቱ። የጎማውን መጠንና የንፋሱን ልክ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረለት መኪና ከሆነ ወረቀቱን በግራ አታገኙትም፤ የቀድሞው ሹፌር በር የነበረው በቀኝ ስለሆነ እዚያ ፈልጉት። ከጃፓን የመጡ መኪኖች ላይ ቁጥሩ በኪሎፓስካል ይጻፋል። 220 ኪሎፓስካል ማለት 2.2 ባር ወይም 32 ፒኤስአይ ነው፤ 240 ደግሞ ወደ 35 ይጠጋል። ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ ለፊትና ለኋላ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ቁጥር ስላለ ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ጎማው ጎን ላይ የተቀረጸውን ከፍተኛ ቁጥር፣ ለምሳሌ 44 ወይም 51ን፣ አትከተሉ። እሱ ጎማው ሊሸከም የሚችለው ጣሪያ ነው። እስከዚያ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሐሉ ብቻ ስለሚሆን በዝናብ ጊዜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል።

የጎማችሁን ስፋትም መዝግቡ። የኮሮላ ዓይነት ጎማ ውስጡ ወደ 30 ሊትር ይይዛል። የሃይሉክስ ወይም የላንድክሩዘር ሰፊ ጎማ የዚህን እጥፍ ያህል ይይዛል። ለቪትዝ የበቃ ፓምፕ ሃይሉክስ ላይ የሚጋገረው በዚህ ምክንያት ነው።

2. የደሴን አየር አስሉ

ብዙ ገዢ የሚያልፈው ይህንን ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ሰማንያ በመቶ ይደርሳል። ፓምፕ የሚሠራው አካባቢውን አየር ስቦ በመጭመቅ ነው። ደሴ ላይ ፒስተኑ በአንድ ምት የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጎማው የሚደርሰው በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው። ጎማው የሚፈልገው ግን አልቀነሰም።

በቁጥር እንየው። የኮሮላ ጎማ ወደ 20 ፒኤስአይ ወርዶ 32 ልታደርሱት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 25 ሊትር ያህል አየር ስቦ መጭመቅ ይበቃል። ደሴ ላይ ለዚያው ሥራ 33 ሊትር ያስፈልጋል። በሌላ አባባል፣ ፓምፑ ሳይበላሽ፣ ባትሪውም ሳይደክም ሥራው ሲሶ ያህል ጊዜ ይጨምራል። ሳጥኑ «ከባዶ እስከ 35 በ5 ደቂቃ» ካለ ደሴ ላይ 7 ደቂቃ ያዙለት፤ ኮምቦልቻ ላይ 6 ከሩብ ገደማ።

ጊዜው ብቻ ቢሆን ታግሶ ማለፍ ይቻል ነበር። ዋናው ጉዳት ሙቀቱ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 32 ፒኤስአይ ለመድረስ ፓምፑ አየሩን ወደ 3 እጥፍ ይጨምቃል፤ ደሴ ላይ ወደ 4 እጥፍ መጭመቅ አለበት። አብዝቶ የተጨመቀ አየር አብዝቶ ይግላል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው አየርም ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይወስድለትም። ሳጥኑ ላይ «10 ደቂቃ ሠርቶ 10 ደቂቃ ይረፍ» የሚል ፓምፕ ደሴ ላይ 7 ወይም 8 ደቂቃ ሠርቶ ቢያርፍ ይመረጣል። ትንንሽ የፕላስቲክ ፓምፖች ሦስተኛው ጎማ ላይ ሲደርሱ የሚቃጠሉት ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ በተከታታይ ሲያሠራቸው ነው።

ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለውን ሊትር በ0.75 አባዙ። 35 ሊትር በደቂቃ የሚለው 26 ሆነ። ይህም ገና የላይኛው ግምት ነው፤ ምክንያቱም አምራቾች ሊትሩን ብዙ ጊዜ የሚለኩት ቱቦው ከምንም ጋር ሳይያያዝ ነው። ጎማው ግፊት ሲይዝ ቁጥሩ በብዙ ይወርዳል።

3. ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ ወስኑ

ለቤት መኪና የተለመደው ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ባለ 12 ቮልት ነው። ልኩን የሚወስነው ፊውዙ ነው። የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ገልብጣችሁ የመለኮሻው ፊውዝ 10፣ 15 ወይም 20 አምፔር መሆኑን እዩ። 15 አምፔር በ12 ቮልት ሲባዛ 180 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚስብ ፓምፕ መለኮሻው ላይ ከተሰካ ፊውዙ ይቃጠላል። ፊውዙ ሲቃጠል በትልቅ ፊውዝ አትተኩት፤ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ትርፍ ፊውዝ ኪስ ውስጥ ይኑር።

ለሃይሉክስ፣ ለላንድክሩዘርና ለሚኒባስ በቀይና በጥቁር ክሊፕ ባትሪው ላይ ራሱ የሚቆነጥጠውን ምረጡ። 25፣ 30 አምፔርና ከዚያም በላይ ስለሚስብ በደቂቃ 60 ወይም 70 ሊትር እንኳ ይሰጣል። ዋጋው ይወደዳል፣ ይከብዳልም። ጠጠር መንገድ ላይ ጎማውን ትንሽ አስተንፍሶ ለሚሄድና አስፋልት ሲደርስ መልሶ መንፋት ለሚፈልግ ሰው ግን ሌላው አማራጭ ጊዜ ማባከን ነው።

አይሱዙ ለምትነዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ የጭነት መኪና ባለ 24 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልት ፓምፕ እዚያ ከተሰካ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። የጭነት መኪና ጎማ የሚፈልገውም 100 ፒኤስአይ አካባቢ ስለሆነ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ፓምፕ ለእሱ አይሆንም፤ ጎሚስታ ዘንድ ያለው ትልቅ ኮምፕሬሰር ነው መፍትሔው።

ባትሪ የተገጠመለት ገመድ አልባ ፓምፕ አሁን በየሱቁ አለ። ቀላል ነው፣ በስልክ ቻርጀር ይሞላል፣ ሽቦ መዘርጋት የለም። ሁለት ነገር ግን አጣሩ። አንደኛ፣ «6,000 ሚሊአምፔር ሰዓት» የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ሦስት የ2,000 ባትሪዎች ድምር ነው። ተያይዘው የሚሰጡት 22 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን 100 ዋት ለሚስብ ፓምፕ ከ13 ደቂቃ አይበልጥም። ደሴ ላይ ይህ አንድ ባዶ ጎማ ሞልቶ ሁለተኛውን ሊጀምር ይችላል፤ ለአራት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሊቲየም ባትሪ ከሙቀት ጋር አይስማማም። ሚሌ ወይም ከሚሴ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ወሩን ሙሉ ከተቀመጠ አቅሙ ይሞታል። እኔ ገመድ አልባውን የምመክረው ከተማ ውስጥ ለሚነዳና በየሳምንቱ ቻርጅ ማድረግ ለማይረሳ ሰው ነው። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት የሚያስፈልጋችሁ ፓምፕ ራሱ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ያናድዳል።

የእግር ፓምፕ የሚናቅ አይደለም። ለባጃጅ፣ ለሞተርና ትንሽ ንፋስ ለቀነሰ የቪትዝ ጎማ በቂ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ውሰዱ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ በርክታችኋል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ተቀያሪ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ ትንሽ ፓምፕና መድፈኛ ፈሳሽ ይይዛሉ። ፈሳሹ የሚደፍነው መሬት የሚነካው የጎማው ፊት ላይ የገባ ምስማር ያበጀውን ቀዳዳ ነው፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ላይ አይሠራም። ከተጠቀማችሁበት በኋላ ለጎሚስታው ንገሩት፣ ሲከፍተው ውስጡን ያጸዳዋል። መኪናው በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ብዙ ጊዜ ከ36 ያልፋል።

4. ሳጥኑን ስታነቡ

አራት ነገር ፈልጉ፦ በደቂቃ ሊትር፣ አምፔር ወይም ዋት፣ ሳያርፍ የሚሠራበት ደቂቃ፣ የሽቦውና የቱቦው ርዝመት። ለቪትዝና ለኮሮላ በደቂቃ 35 ሊትር፣ ከ10 እስከ 15 አምፔር፣ 15 ደቂቃ ሳያርፍ የሚሠራ ከሆነ ደሴ ላይም ያኮራችኋል። የሚሠራበት ደቂቃ ጨርሶ ያልተጻፈበትን ሳጥን መልሱት። ሊትሩ ያልተጻፈበትን ደግሞ አምፔሩን አይታችሁ ገምቱት፤ 6 ወይም 7 አምፔር ብቻ የሚስብ ፓምፕ ምንም ቢጻፍበት ትልቅ ንፋስ ሊሰጥ አይችልም።

5. ሱቁ በር ላይ ፈትኑት

ሳትፈትኑ አትግዙ። መኪናችሁን ሱቁ አጠገብ አቁማችሁ ባለሱቁን በትሕትና ጠይቁት፤ ዕቃውን የሚያምንበት ሰው አይከለክልም።

መጀመሪያ ፓምፑን በእጃችሁ መዝኑት። ሲሊንደሩ ብረት የሆነ ፓምፕ በመጠኑ ይከብዳል፤ እንደ ባዶ ጣሳ የሚቀል ከሆነ ውስጡ ፕላስቲክ ነው። ሽቦውን በጣታችሁ ጨምቁት፤ ቀጭን ሽቦ ኃይል እየበላ ይግላል።

ከዚያ አንዱን ጎማ ወደ 22 አስተንፍሱት። ሞተር አስነሱ፣ ፓምፑን ሰኩ፣ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ከፍታችሁ እስከ 32 ሙሉት። ለኮሮላ ዓይነት ጎማ ደሴ ላይ ከሁለት ደቂቃ ብዙም ካላለፈ ጥሩ ፓምፕ ነው። ከሦስት ደቂቃ በላይ ከወሰደ «35 ሊትር» የሚለው ጽሑፍ እውነት አይደለም። ሲሠራ ድምፁን አዳምጡ። መጮሁ ግድ የለም፣ ሁሉም ይጮኻል፤ ድምፁ እየወፈረ ፍጥነቱ እየወረደ ከሄደ ግን ሞተሩ እየተጨነቀ ነው።

ሳታሳርፉት ወደ ሁለተኛው ጎማ አልፉና ያንኑ ድገሙ። ብዙ ገዢ አንዱን ጎማ ሞልቶ ይረካል፤ ደካማ ፓምፕ የሚለየው ሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ወስዶ ሁለተኛው ሦስት ከወሰደ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ አመስግናችሁ መልሱት። ስትጨርሱ ሰኪውን ከመለኮሻው ነቅላችሁ ንኩት። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ሰኪው በደንብ አልያዘም፤ ያ ቦታ ነው ውሎ አድሮ የሚቀልጠው።

6. ቱቦው፣ አፉና ጌጁ

ሽቦው ከመለኮሻው ተነስቶ እስከ ኋላ ጎማ ይድረስ፤ 3 ሜትር ለቤት መኪና ይበቃል፣ ሚኒባስ ግን በክሊፕ የሚሠራና ረጅም ቱቦ ያለው ይፈልጋል።

የቱቦው አፍ ሁለት ዓይነት ነው። በጥርስ የሚዞረው አጥብቆ ይይዛል፤ ሲፈታ ግን ትንሽ ንፋስ ያፈስሳል፣ ናሱም ግሎ ጣት ያቃጥላል። በማንሻ የሚቆልፈው በአንድ ምት ይገባል ይወጣል፤ ርካሹ ግን የውስጡ ላስቲክ ቶሎ ይላላና ማፍሰስ ይጀምራል። ለእኔ የሚዞረው ይሻላል። ጨርቅ ይዛችሁ ቶሎ ፍቱት፤ ካስፈለገ ከልኩ 1 ፒኤስአይ አሳልፋችሁ ሙሉ።

ጌጁን (የግፊት ማንበቢያውን) ማመን የምትችሉት ከሌላ ጌጅ ጋር ካመሳከራችሁት በኋላ ነው። የምትተማመኑበት ጎሚስታ ጋ ሂዱና «ወንድሜ፣ ይቺን ለክልኝ» በሉት። የፓምፑ ቁጥር ሁልጊዜ በ2 ከፍ የሚል ከሆነ ችግር የለውም፤ ማስታወስ ብቻ ነው። አንዴ በ1፣ አንዴ በ4 የሚለያይ ጌጅ ግን አይጠገንም። ፓምፑ እየሠራ ያለውን ቁጥር አትመኑ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከጎማው ስለሚበልጥ አሳልፎ ያሳያል። አቁማችሁ አንብቡ። በራሱ የሚቆመው ዲጂታል ፓምፕ ደስ ይላል፤ እሱንም ከቆመ በኋላ አንዴ እዩት።

7. መንገድ ላይ ስትጠቀሙበት

ጎማ የሚለካው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ጠዋት ሳትነሱ ወይም ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳችሁ። ብዙ ሹፌር የሚሳሳተው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ሐረጎን ፍሬን እየያዘ ይወርድና ነዳጅ ማደያ ገብቶ ጎማውን ሲለካ 36 ወይም 37 ያገኛል፤ «በዛ» ብሎ ያስተነፍሳል። ጎማው የጨመረው በመንገዱና በፍሬኑ ሙቀት ነው። በማግስቱ ጠዋት ደሴ ብርድ ውስጥ ሲለካው 28 ሆኖ ይጠብቀዋል። የጋለ ጎማ አይተነፈስም።

ወደ ሚሌ ለምትወርዱም ይኸው ነው። ከፍታው ወደ 500 ሜትር ሲወርድ የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ 3 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። የቆላው ሙቀት ደግሞ 3 ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ይጨምራል፤ በየ6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ሁለቱ ይጣፋሉ። ደሴ ላይ በቅዝቃዜው በትክክል የሞላችሁት ጎማ ሚሌ አድሮ ሲቀዘቅዝም ለልኩ ቅርብ ነው፤ ስለ ከፍታው ብላችሁ የምትጨምሩትም የምትቀንሱትም የለም። ጭነት ከጨመራችሁ ግን የበሩን ወረቀት እዩ።

ጎማ ሐረጎ ላይ ቢተነፍስባችሁ ኩርባው ላይ አትቁሙ። ቀስ ብላችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ድረሱ፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ አያያችሁም። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አስደግፉ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ። ከዚያ ጎማውን ዙሪያውን እዩት። ምስማሩ ካልወጣ አትንቀሉት፤ እሱ ራሱ ቀዳዳውን ስለደፈነው ሞልታችሁ እስከ ጎሚስታ ትደርሳላችሁ። ጎኑ ከተቀደደ፣ ካበጠ፣ ወይም ቸርኬው መሬት እየነካ ብዙ ከሄደ ግን አትንፉት። በባዶው የተነዳ ጎማ ጎኑ ውስጥ ለውስጥ ስለሚደቅቅ ንፋስ ሲገባበት ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ልጅ ቢያለቅስ፣ ቀጠሮ ቢያልፍ አትጣሱት። ስትነፉም ከጎማው ጎን ፊት ለፊት አትቀመጡ፤ ወደ ጎማው ፊት ዞር በሉ።

ፓምፑ ሲሠራ የመኪናው ሞተር ይሥራ፣ ባትሪውን አያደክምም። ግቢ ውስጥ ከሆነ በሩ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱት፣ ጭሱ ይገድላል። ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው ጎማ ከሆነ ንፋሱ በቀዳዳው በአንዴ ስለሚወጣ ፓምፕ ብዙም አያደርሳችሁም፤ ቀይሩትና የተቀየረውን አስለጥፉት።

8. ከገዛችሁ በኋላ

ፓምፑን ከመኪናው ኮፈን ሥር ሳይሆን ከመቀመጫ ኋላ፣ አቧራ በማይነካው ከረጢት ውስጥ አስቀምጡ። የአየር መሳቢያው ወንፊት አቧራ ከዋጠ ደሴ ላይ ቀድሞውንም የጎደለው አየር ይበልጥ ይጎድልበታል። አብረው የሚቀመጡት ትርፍ ፊውዝ፣ ትርፍ የቫልቭ ክዳን፣ ጓንት ወይም ጨርቅና የእጅ መብራት ናቸው። በወር አንዴ አራቱን ጎማ ጠዋት ለኩ። አምስተኛውን፣ ተቀያሪውን፣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሲፈልገው ነው፤ ከበሩ ቁጥር 3 ወይም 4 አሳልፋችሁ ሙሉት፤ ተቀምጦ እየቀነሰ ስለሚሄድ ከገጠማችሁት በኋላ ወደ ልኩ መቀነስ ከመሙላት ይቀልላል።